አባ ነጎድጓድ ለትምህርት ሲሸኙ

ጳጳሱ አባን ቢሯቸው አስጠርተው «ለአንድ ዓመት ውጭ አገር ሄደው ይማሩ» ባሏቸው ቀን፣ አባ ደስ በመሰኘት ፈንታ ሆዳቸው ጠረጠረ።

ቢጠረጥሩም አይፈረድባቸውም። ገና ወጣት ቄስ ሳሉ የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ለመማር ደጅ ጠንተው፣ ደጅ ጠንተው፣ «ቁምስናውንና ምእመኑን ለማን ጥለህ ልትሄድ ነው?» ተብለው ተመልሰዋል። ያ ምኞት ከጸጉራቸው ጋር አብሮ ሸብቶ ነበር። አሁን ደረጃ ሲወጡ ጉልበታቸው በሚያቃስትበት ዕድሜ፣ ማንንም ሳይለምኑ፣ ትምህርቱ ራሱ ፈልጎ አገኛቸው። እንዲህ ያለ ነገር ደግሞ ያለ ምክንያት አይመጣም።

የጳጳሱ አኳኋንም አላማራቸውም። ሌላ ጊዜ ከጠረጴዛቸው ማዶ ሆነው ነበር የሚያነጋግሯቸው፤ ያን ቀን ግን ወንበራቸውን ጎትተው ጉልበት ለጉልበት ተቀመጡ። እያንዳንዱን ቃል ሕፃን እንደሚያጎርስ ሰው እየቆረሱ ተናገሩ። «ቁምስናውን ረዳትዎ ይይዘዋል። አይዞዎት፣ አያስቡ» አሏቸው። ሲሰናበቱም እስከ በሩ ድረስ ሸኟቸው። ጳጳሱ ማንንም እስከ በሩ አይሸኙም። አባ ኮሪደሩ ጫፍ ደርሰው ዘወር ሲሉ፣ ጳጳሱና ጸሐፊያቸው ጭንቅላት ለጭንቅላት ገጥመው ሲንሾካሾኩ አዩ።

«አይዞዎት ምን ይባላል? ሰው ሞቶብኛል እንዴ?» እያሉ ወደ ቤታቸው አቀኑ።

አባን ሕዝቡ በስማቸው አይጠራቸውም፤ «አባ ነጎድጓድ» ነው የሚላቸው። ድሮ ድምፃቸው ለስላሳ ነበር የሚሉ አሮጊቶች አሉ። ካለፉት ጥቂት ዓመታት ወዲህ ግን ሲሰብኩ የመስኮቱ መስታወት ይንቀጠቀጣል፤ «ሰላም ለሁላችሁ» ሲሉ ኋላ ወንበር ላይ የተኛ ሕፃን ባንኖ ያለቅሳል። ስሙን ሲሰሙ አልከፋቸውም። «ቃለ እግዚአብሔር ሲነገር እንዲህ ነው» ብለው ለምስጋና ቆጠሩት።

ቤት ሲደርሱ በቀጥታ ወደ ወጥ ቤት ገቡ። ታላቅ እህታቸው፣ ባላቸው ከሞተ ወዲህ አብረዋቸው የሚኖሩትና ሰፈሩ ሁሉ «እትዬ» የሚላቸው፣ ሽንኩርት እየከተፉ ነበር። አጠገባቸው ረዳቱ ቆሟል። ረዳቱ ከሁለት ዓመት በፊት የተመደበላቸው ወጣት ቄስ ነው፤ ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ሲናገር ከንፈሩ እንኳ በቅጡ የማይላቀቅ። አባ በሩ ላይ ብቅ ሲሉ የሁለቱም አፍ ባንድ ጊዜ ተዘጋ።

«ስለ ምንድን ነበር?» አሉ አባ።

«ስለ ሽንኩርት» አሉ እትዬ።

አባ ሁለቱንም አፈራርቀው አዩና ወጡ። የሽንኩርት ወሬ በሹክሹክታ ነው እንዴ የሚወራው?

ዜናውን ራት ላይ ሲነግሯቸው ነገሩ ይብሱን ከረረባቸው። ረዳቱ «እንኳን ደስ ያለዎት» ከማለቱ በፊት ወደ እትዬ ተመለከተ። እትዬ ደግሞ፣ አባ ለአንድ ሳምንት ሱባኤ ሲሄዱ እንኳ እንባቸው የሚቀድማቸው እትዬ፣ ዓይናቸውን እንኳ ሳያረጥቡ ብድግ ብለው ሻንጣ ማውረድ ጀመሩ። በማግስቱ ወፍራም ካፖርት ተራገፈ፣ ካልሲ ተጠቀለለ፣ የጉልበት ቅባት በላስቲክ ታሰረ።

«ምን አስቸኮለሽ? ገና ወራት አሉኝ እኮ» አሏቸው አባ።

«ቶሎ ብትሄድ ይሻላል።»

«ለማን?»

እትዬ ካልሲው ላይ እንዳቀረቀሩ አንድ ነገር አሉ። አባ ምን እንዳሉ አልያዙትም። እንዲህ ሲሆን አንድ መላ ነበራቸው፤ ሰው ሲያጉረመርምባቸው «ይመስገን» ይላሉ። ከቄስ አፍ ሲወጣ ለየትኛውም ጥያቄ መልስ ይሆናል። አሁንም «ይመስገን» አሉ። እትዬ ቀና ብለው ረዥም ጊዜ አዩዋቸውና ካልሲውን ሻንጣው ውስጥ ወረወሩት።

ከዚያ ወዲያ አባ ዓይናቸውን ከፍተው መኖር ጀመሩ። ያልተለመደ ነገር ሁሉ ዓይን ውስጥ ይገባል፤ እሳቸውም ካንዱ ወደ ሌላው እየሄዱ ይገጣጥሙት ጀመር። ለጉዞው የጤና ምርመራ ያስፈልጋል ሲባል ረዳቱ «አብሬዎት ልሂድ» ብሎ ድርቅ አለ። «እኔ እጄ የሚያዝ ሕፃን ነኝ?» ብለው ብቻቸውን ሄዱ። ሐኪሙ ልባቸውን አዳመጠ፣ ደማቸውን ቀዳ፣ ከዚያ አቀርቅሮ እየጻፈ አንድ ሁለት ነገር ጠየቃቸው። «ይመስገን» አሉት። ሐኪሙ ፈገግ ብሎ ማኅተሙን መታ። ምንም አልጎደለባቸውም ማለት ነው። ታዲያ ረዳቱ ሐኪሙ ፊት ምን ሊል ነበር አብሬ ልሂድ ያለው?

የውጭውን ቋንቋ እንዲያድሱ የተቀጠረችላቸው ጡረተኛ አስተማሪም አልተዋጠችላቸውም። ሳሎኗ ውስጥ የንግግር ቅጂ ታሰማቸዋለች፤ ሰዎቹ ጥጥ አፋቸው ውስጥ ጠቅጥቀው ነው የሚያወሩት።

«ማጫወቻሽ ተበላሽቷል» አሏት።

አስተማሪዋ ድምፁን ከፍ አደረገችው። ከዚያም በጣም ከፍ አደረገችው። ከጎን ያለው ጎረቤት ግድግዳውን ሲደበድብ፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ሥዕል ሲወዛወዝ አዩ።

«አሁንስ?»

«ሰዎቹ ራሳቸው ናቸው የሚያላምጡት!»

አስተማሪዋ ማጫወቻውን አጠፋችና አየቻቸው። ያን አስተያየት ያውቁታል፤ የጳጳሱ አስተያየት ነው። ይቺም ከእነሱ ጋር ናት ማለት ነው?

ቅዳሜ ከሰዓት ግን ነገሩ ሁሉ ፍርጥ ያለ መሰላቸው። ቅዳሜ የኑዛዜ ቀን ነው። ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ግራና ቀኝ ሁለት የእንጨት መናዘዣ ሳጥኖች አሉ፤ የቀኙ የአባ፣ የግራው የረዳቱ። አባ መጋረጃውን ገለጥ አድርገው ሲያዩ ረዳቱ ዘንድ ሰልፉ ምሰሶውን ዞሮ በሩ ድረስ ደርሷል። እሳቸው ዘንድ አንዲት መንገደኛ ሴትና በእናቱ ቁጣ እየተገፋ የመጣ ተማሪ ብቻ። ይህ አሁን የመጣ አይደለም፤ ለወራት እየተመናመነ የመጣ ነው። ባለሱቁ፣ አዋላጇ፣ ጡረተኛው ዳኛ፣ ያጠመቋቸውና ያጋቧቸው ሰዎች ሁሉ በሳጥናቸው በኩል ሲያልፉ አንገታቸውን እየሰበሩ ወደ ግራ ይታጠፋሉ።

ይባስ ብሎ ልክ ኑዛዜው ሲጀመር መዘምራኑ ፎቁ ላይ ወጥተው ልምምድ ጀመሩ። ኦርጋኑ አጓራ። አባ ተናዛዧ የምትለው አልሰማ ቢላቸው ከሳጥኑ ወጥተው ወደ ላይ ጮኹ፤

«በኑዛዜ ሰዓት ነው እንዴ የሚዘፈነው?»

የመዘምራኑ መሪ ከላይ አንገቱን አስግጎ በእጁ ወደ ረዳቱ ሳጥን ጠቆመ። «ታዘን ነው አባ!» ሲል ከንፈሩን አዩት።

አባ አንጀታቸው አረረ። ሕዝቡን በሰልፍ ወሰደባቸው፤ ለቀሩትም ጥቂት ሰዎች በኦርጋን ጆሯቸውን ዘጋባቸው። ከዚያ ጳጳሱ ዘንድ ሄዶ «ሽማግሌው ሰው አጥተዋል» ብሎ ይሆናል። ጳጳሱም «ትምህርት» የሚል ሽፋን አገኙ። ዓመቱ ሲያልቅ ቁምስናው ባለቤት አግኝቶ ይቆያቸዋል። እትዬ ግን? የገዛ እህታቸው ምን ቸገራቸውና ገቡበት?

የሚያስይዝ ነገር ፈለጉ፤ አላጡም። በሚቀጥለው ሳምንት አንድ ቀን ከሰዓት፣ ከመኝታ ቤታቸው መስኮት ሲያዩ ረዳቱ የቄስ ልብሱን አውልቆ፣ እንደ ማንኛውም ሰው ሸሚዝና ሹራብ ለብሶ፣ በጓሮ በር ሹልክ ሲል አዩት። ኮፍያቸውን ደፍተው ተከተሉት። አባ በሕይወታቸው ሰው ተከትለው አያውቁም፤ በየጥጉ እየቆሙ፣ በየሱቁ መስታወት ውስጥ የሰውን ጀርባ እየፈለጉ ሄዱ። ረዳቱ የጎማ ጥገናዎቹን አለፈ፣ የጨርቅ ተራውን አለፈ፣ ከዚያ ጠበብ ያለች መንገድ ውስጥ ገብቶ አንድ ሰማያዊ በር አንኳኳ። የከፈተችው ሴት ስታየው ፊቷ በራ። በሩ ተዘጋ።

አባ ሴትዮዋን አወቋት። ልብስ ሰፊዋ ናት። የአንድ ሾፌር ሚስት ነበረች፤ የታመመች አማቷን ዓመታት ሙሉ ስታስታምም የኖረች። ከቤተ ክርስቲያን ከጠፋች ወራት ሆኗታል። «የት ገባች?» ብለው ጠይቀው «ሥራ በዝቶባት ነው» ተብለው ነበር። ከባሏ መለየቷንም በወሬ ወሬ ሰምተዋል። ነገሩ እንዲህ ነው ለካ!

አንድ ጎማ ጠጋኝ ፊት ቆመው የማያስፈልጋቸውን ጎማ እየደባበሱ ጠበቁ። ረዳቱ ወጣ፤ ግራ ቀኙን አይቶ ሄደ። አባ ሊንቀሳቀሱ ሲሉ ሰማያዊው በር እንደገና ተከፈተ። ዘንቢላቸውን አንጠልጥለው እትዬ ወጡ።

አባ ጎማውን ለቀቁት።

በማግስቱ ምሳ ላይ ጠበቋቸው። ሌሊቱን ሲገላበጡ አድረው ነበርና ዓይናቸው ደም መስሏል። ረዳቱ ጸሎቱን ጨርሶ ገና ዳቦ ሲቆርስ፣

«ትናንት ከሰዓት የት ነበርክ?» አሉት።

ረዳቱ እጁ ዳቦው ላይ ቀረ። አቀርቅሮ አንድ ነገር አለ።

«ቀና ብለህ ተናገር! አፍህ ውስጥ ምን አለ?»

«ሰው ልጠይቅ ሄጄ ነበር።»

«በጓሮ በር? ልብስህን ቀይረህ? ባሏ የፈታት ሴት ቤት?» አባ ጠረጴዛውን ሲመቱት ብርጭቆዎቹ ዘለሉ። «ሕዝቤን ወሰድክ፤ ዝም አልኩ። ቦታዬን ልትወስድ ቸኮልክ፤ ዝም አልኩ። እንዲህ ያለ ጉድ ይዘህ ግን በእኔ መቅደስ አትቆምም! ዛሬውኑ ጳጳሱ ዘንድ እሄዳለሁ!»

የረዳቱ ፊት አመድ መሰለ። አንድም ቃል አልመለሰም። አባ ዝምታውን ለጥፋተኛነት ቆጥረው ሊነሱ ሲሉ፣ እትዬ የሾርባውን ድስት ይዘው በሩ ላይ መቆማቸውን አዩ።

«እሱ አይናገርም» አሉ እትዬ፣ ፊታቸውን ወደ አባ አቅንተው፣ ቃሉን እየለዩ። «አስምዬዋለሁ።»

«ጥሩ! አንቺ ተናገሪዋ!»

እትዬ ድስቱን አስቀመጡ። ከዚያ የአባን ወንበር ዞረው ከኋላቸው ቆሙ። አባ የሚያዩት ረዳቱን ብቻ ሆነ። ቤቱ ጸጥ አለ። ረዳቱ በአባ ትከሻ ላይ አሻግሮ አየ፤ ከዚያ ወደ አባ ፊት ተመለሰ፤ እንደገና አሻግሮ አየ። ዓይኑ እንባ ሞላ።

«ምን ሆንክ?» አሉ አባ።

«አባ... መልስ እየጠበቁ ነው» አለ ረዳቱ በእጁ እየጠቆመ።

አባ ዞሩ። የእትዬ አፍ ገና መዘጋቱ ነበር።

«ምን አልሽ?»

«ሾርባ ልቅዳልህ ወይ ነው ያልኩህ። ደጋግሜ። ጎረቤት በሚሰማው ድምፅ።»

«ጉንፋን ይዞኛል» አሉ አባ።

«ስንት ዓመት ሙሉ ጉንፋን?»

አባ ወደ ረዳቱ ተመለከቱ፣ ያስተባብላል ብለው። ልጁ ግን አንገቱን ደፍቶ ያለቅስ ነበር። ወንበራቸው ላይ ቀስ ብለው ተቀመጡ።

«ጆሮህ አይሰማም፣ ወንድሜ» አሉ እትዬ፣ አሁን ፊት ለፊታቸው ተቀምጠው። «ለራስህ ስለማይሰማህም ትጮሃለህ። ሳጥኑ ውስጥም ትጮሃለህ። ሰው ኃጢአቱን በሹክሹክታ ነግሮህ አንተ 'እንዲህ አደረግሽ?' ስትል ቤተ ክርስቲያን የተቀመጠው ሁሉ ይሰማል።»

«መዘምራኑን ያመጣኋቸው ለዚያ ነው» አለ ረዳቱ። ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ፣ ከንፈሩን አላቆ ተናገረ። «ድምፅዎ እንዳይወጣ ብዬ። ሰዎቹንም እኔ አልጠራኋቸውም፣ አባ። ፈርተው ነው የመጡት።»

«ትምህርቱስ?» አሉ አባ።

«ጳጳሱ ዘንድ የሄድኩት እኔ ነኝ» አሉ እትዬ። «ከመናዘዣው ሊያወርዱህ ነበር። 'በሰው ፊት አታዋርዱብኝ' ብዬ እግራቸው ላይ ወደቅሁ። እዚያ ከተማ ጥሩ የጆሮ ሐኪም አለ፤ ትምህርቱም የድሮ ምኞትህ ነው። ታክመህ፣ ተምረህ፣ ማንም ሳያውቅብህ ትመለሳለህ አልን።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ነግሬህ ነበር። ስንቴ! 'ይመስገን' ትለኛለህ።»

አባ የኑዛዜ ምሥጢር የሚያወጣ ቄስ ምን እንደሚጠብቀው ለክህነት ለሚዘጋጁ የዘርዐ ክህነት ተማሪዎች ያስተማሩ ሰው ናቸው። ቄስ ተገርፎም፣ ታስሮም አያወጣውም። እሳቸው ሳይገረፉ ሲያወጡት ኖረዋል።

«ማንን ጎዳሁ?» አሉ በመጨረሻ።

«ልብስ ሰፊዋን» አሉ እትዬ።

የሆነው እንዲህ ነው። ልብስ ሰፊዋ አንድ ቅዳሜ ተናዝዛ ስትጨርስ፣ «አማትሽ እንድትሞት ተመኘሽ?» የሚል ድምፅ ከሳጥኑ ወጣ። ቀረብ ካለው ወንበር ላይ የአማቷ ጎረቤት ተንበርክካ ነበር። ወሬው ሳይመሽ ቤት ደረሰ። አሮጊቷ ከዚያ ቀን ጀምሮ ከምራቷ እጅ ውሃ እንኳ አልቀበልም አለች፤ እንዲሁ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ከረመችና ሞተች። ከቀብር መልስ ሾፌሩ የሚስቱን ልብስና የስፌት ማሽን በር ላይ አወጣው። ረዳቱና እትዬ ተደብቀው እየሄዱ ያጽናኗታል፤ እትዬ የመሠዊያ ጨርቅ እየወሰዱ ያሰፏታል። ረዳቱ ልብሱን የሚቀይረው የቄስ ልብስ በሰፈሯ ሲታይ ሰው እንደገና ነገር እንዳያነሳባት ነው።

አባ ሾርባውን ሳይቀምሱ ኮፍያቸውን አንስተው ወጡ። ረዳቱ ሊከተላቸው ሲነሳ በእጃቸው መለሱት።

ሰማያዊው በር ገርበብ ብሎ ነበር። ልብስ ሰፊዋ ማሽኗ ላይ ተቀምጣ መጋረጃ ትሰፋለች። አባን ስታይ አልተነሳችም፤ እግሯንም ከማሽኑ ላይ አላወረደችም።

«ይቅርታ ልጠይቅሽ ነው የመጣሁት» አሉ አባ።

ማሽኑ መሄዱን ቀጠለ።

«እንደማልሰማ አላወቅሁም ነበር። ጆሮዬ ጠፍቷል፣ ልጄ። ስጮህ አይታወቀኝም።»

ማሽኑ ቆመ። ሴትዮዋ ቀስ ብላ ቀና አለች።

«አይሰሙም?»

«አልሰማም።»

«እኔ እኮ...» አለችና ሳቅ የመሰለ ነገር አፏ ላይ መጣ። «እኔ ተቆጥተውኝ መስሎኝ! ሆን ብለው ያዋረዱኝ መስሎኝ! እህትዎ 'ቁጡ ነው፣ ተይው' ይሉኛል። ያ ልጅም አልነገረኝ። ይህን ሁሉ ጊዜ የእርስዎን ገመና ሲሸፍኑ ነው የከረሙት?»

አባን ላለማሳፈር የተዋለው ደግነት ሁሉ በማን ላይ እንደ ተከመረ ያን ጊዜ ገባቸው።

ሴትዮዋ ወንበሯን አዙራ ፊቷን ወደ እሳቸው አደረገች። «አሁን የምነግርዎ ኑዛዜ አይደለም። ሰው ለሰው እንደሚያወራ ነው፤ በደንብ ይስሙኝ። ያን ቀን ተመኘሁ አላልኩም። 'አማቴ እንድትሞት የምመኝ እስኪመስል ድረስ ጮኽኩባት' ነው ያልኩት። ደክሞኝ ነበር። አንሶላውን ቀይሬ ሳልጨርስ እንደገና አበላሸችው፤ ጮኽኩባት። እንደ ሕፃን አለቀሰች። እሱን ልናዘዝ ነበር የመጣሁት።»

አባ ዓይናቸውን ጨፈኑ። አስታወሷት። ስታለቅስ የነበረች ሴት ናት፤ የቃሏን ጫፍ እንባ ውጦት ነበር። እሳቸው መጀመሪያውን ይዘው የጎደለውን ከራሳቸው ሞሉት። የኃጢአት ሥርየት ሳይሰጧት ብድግ ብላ ስትወጣ «ትዕቢተኛ» ብለዋት ነበር፣ በልባቸው።

«ለምን አልተናገርሽም? ለባልሽ፣ ለሰው?»

«ለማን? ቄስ የተናገረውን ማን ያስተባብላል? ባሌ 'አባ ራሳቸው ናቸው ያሉት' አለኝ። እናቱም ይህንኑ አምና ሞተች።»

«ይቅር በይኝ።»

ልብስ ሰፊዋ ወደ መጋረጃዋ ዞረች። «አላውቅም» አለች፤ ከዚያ እንዳልሰሟት ገብቷት ፊቷን መልሳ ደገመችው። «አላውቅም፣ አባ። ዛሬ አልችልም።»

አባ ጳጳሱን አላስፈቀዱም። እሑድ በቅዳሴ መሃል ሊሰብኩ ሲወጡ ረዳቱን ከፊት ለፊታቸው አቆሙና «ስጮህ እጅህን ዝቅ አድርግ» አሉት። ሕዝቡ ይህን ሲሰማ እርስ በርሱ ተያየ።

«ስለ ማንም ኑዛዜ አንዲት ቃል አልናገርም» ብለው ጀመሩ። «የምናገረው ስለ ጆሮዬ ነው። አልሰማም። ከቆየ ቆይቷል፤ ማመን ያቃተኝ እኔ ነኝ። ከእኔ መናዘዣ ወጥቶ ጆሯችሁ የገባ ነገር ካለ፣ ያ የተናዛዡ ቃል አይደለም። ሳልሰማ የሰማሁ መስሎኝ፣ ከራሴ ፈጥሬ የጮኽኩት ነው። በዚያ የተነሳ የጠላችሁት ሰው ካለ፣ በሐሰት ነው የጠላችሁት። ሐሰተኛው እኔ ነኝ።»

የረዳቱ እጅ ሁለት ሦስት ጊዜ ዝቅ አለ። አባም ዝቅ አሉ። ከኋላ ምሰሶው ሥር ሾፌሩ ቆሞ ነበር፤ ኮፍያውን በእጁ ጨምድዶ፣ ቅዳሴው ሳያልቅ ወጣ። የአሮጊቷ ጎረቤት ቀና ሳትል ቀረች።

ያን ሳምንት ጥርጣሬ ከአባ ልብ ወጥቶ ቁምስናውን በሙሉ አዳረሰ። ሰው ሁሉ የራሱን ኃጢአት ማን ሰምቶበት ይሆን እያለ ጎረቤቱን በጎሪጥ ያይ ጀመር። ባለሱቁ ደጃፋቸው ድረስ መጥቶ በጆሯቸው «አባ፣ የሚዛኑን ነገር ማን ሰማ?» ብሎ ጮኸባቸው። አባ ስለ የትኛው ሚዛን እንደሚያወራ አላወቁም። በመንገድ ያልፉ የነበሩ ሁለት ሴቶች ግን አወቁ።

ጳጳሱ ተቆጡ። «ዝም ብለው ቢሄዱ ምን ነበረበት?» አሉ። ኑዛዜ እንዳይሰሙ ከለከሏቸው፤ አባ ራሳቸው ሊጠይቁ የመጡት ይህንኑ ነበርና እጅ ነሥተው ወጡ። ጉዞው አልተሰረዘም።

ሾፌሩ ሰማያዊው በር ዘንድ ሄደ። ሚስቱ ደጃፍ ላይ አቁማ አነጋገረችው፤ አላስገባችውም። ሌላም ቀን መጣ፤ ያን ቀን እንዲቀመጥ በርጩማ አወጣችለት፣ ግን ውጭ። ወደ ባሏ ቤት ተመልሳ አልሄደችም። ወደ ቤተ ክርስቲያን ግን ተመለሰች፤ ጥግ አልፈለገችም፣ ሰተት ብላ ፊተኛው ወንበር ላይ ተቀመጠች። የተቀመጡት ሴቶች ቦታ ለመልቀቅ ተገፋፉ።

አባ ሊሄዱ ሲሉ ረዳቱን «ናዝዘኝ» አሉት። ሳጥኑ ውስጥ እንደማይሆን ሁለቱም ያውቃሉ። ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ወዳለው የኳስ ሜዳ ሄዱና መሃሉ ላይ ፊት ለፊት ቆሙ። አባ ልጁን በሌብነት፣ በክህደት፣ በሴት ጠርጥረው እንደ ነበር አንድ ባንድ ተናገሩ። ቀስ ብለው የተናገሩ መስሏቸው ነበር፤ የግቢው ዘበኛ ግን ሬዲዮኑን ይዞ ከአጥሩ ራቅ ብሎ ሄደ።

«እኔም እኮ አጥፍቻለሁ» አለ ረዳቱ ከፈታቸው በኋላ። «መጀመሪያ ለእርስዎ መናገር ነበረብኝ። ስለ እርስዎ ክብር ስጨነቅ እሷን ረሳኋት።»

«እሱን ለሌላ ቄስ ተናዘዝ» አሉት አባ። «እኔ ተከልክያለሁ።»

የሄዱ ቀን ልብስ ሰፊዋ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ በር በኩል ታልፍ ነበር። አባ ሻንጣቸውን መኪና ላይ አስጭነው ሲዞሩ ተያዩ። ጠጋ ብላ፣ ከንፈሯን እያላቀቀች፣ ቀስ ብላ ተናገረች።

አባ በትክክል እንደያዙት እርግጠኛ መሆን ፈለጉ። «ስመለስ ደግሜ ይቅርታ እንድጠይቅሽ ነው ያልሽው?»

«አዎ» አለች። «ያን ጊዜ ምን እንደምል ግን አሁን አላውቅም።»

«ደግሜ እጠይቅሻለሁ» አሉና አባ መኪናው ውስጥ ገቡ።